ኮቪድ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችንና ትራንስጀንደር ሰዎችን እንዴት ጎዳ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር የሚመጡ ናቸው። አንዳንዱ ለማወቅ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ። ለሁለቱም እኩል መልስ ለመስጠት ሞክሬያለሁ። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምናወራው ስለ እነማን ነው?

ወንድ ሆነው ወንድን ስለሚያፈቅሩ፣ ሴት ሆነው ሴትን ስለሚያፈቅሩ፣ ሁለቱንም ስለሚያፈቅሩ፣ እንዲሁም ሲወለዱ በተጻፈላቸው ፆታ ስለማይኖሩ ትራንስጀንደር ሰዎች ነው። ከዚህ በታች "የፆታ አናሳዎች" ስል እነዚህን ሁሉ ማለቴ ነው። በየአገሩ አሉ። በአንዳንዱ አገር በማዘጋጃ ቤት ይጋባሉ፣ በአንዳንዱ ይታሰራሉ። ወረርሽኙም ያገኛቸው በየነበሩበት ሁኔታ ነው።

ቫይረስ ሰው አይመርጥም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ቫይረሱስ አይመርጥም። ከቫይረሱ ጋር የመጣው ደንብ ግን ሁሉንም ሰው እኩል አላየም።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው በማርች 11 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በየአገሩ ተመሳሳይ ትእዛዝ ተሰማ። ቤታችሁ ቆዩ። ከቤተሰባችሁ ውጪ ከማንም ጋር አትገናኙ። ከወጣችሁ መታወቂያ ያዙ። ትእዛዙ ሕይወት አድኗል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን እንደ ተራ ነገር ይወስዳል፦ ቤቱ ሰላም ነው፣ ቤተሰቡ ይወድሃል፣ መታወቂያህ ላይ ያለው ሰው አንተ ነህ። ከፆታ አናሳዎች ብዙዎቹ ከሦስቱ አንዱ ይጎድላቸዋል። ሦስቱም የሌላቸው አሉ።

ሌላው ምክንያት ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሸክም ነው። ኢላን ሜየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 ባሳተመው ሥራ በደንብ አብራርቶታል። የተናቀ ወገን አባል የሆነ ሰው ከማንኛውም ሰው ጭንቀት በላይ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት ይሸከማል። ማን አውቆብኝ ይሆን? ይህን ብናገር ምን ይሉኛል? አሠሪዬ ቢሰማስ? ይህ ጥንቃቄ ቀን ከሌት አያርፍም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብን ያደክማል፣ ለድባቴ ያጋልጣል። ኮቪድ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

ቤት መቀመጥ ምን ክፋት አለው? ሁላችንም ተቀምጠን የለም እንዴ?

አንድ የ19 ዓመት ወጣት እናስብ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዶርም ውስጥ ይኖራል። ጓደኞቹ ማንነቱን ያውቃሉ። ሳምንት በሳምንት የሚገናኙ አምስት ስድስት ልጆች አሉ። ሲከፋው የሚሄድበት ቤት አለው። በማርች 2020 ግቢው ተዘጋና ሻንጣውን ይዞ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ።

እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው መሆን አለበት። አነጋገሩን ይቀይራል። አባቱ ቴሌቪዥን እያየ ስለ እንደሱ ዓይነት ሰዎች ሲሳደብ አብሮ ይስቃል። ስልኩ ሲጮህ ደንግጦ ይገለብጠዋል። የሥነ ልቦና አማካሪው በቪዲዮ ትደውልለታለች፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ግን ምንም ማውራት አይችልም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ በጽሑፍ ያወራታል። ድሮ እንዲህ ያለው ነገር ለገናና ለፋሲካ ለሁለት ለሦስት ቀን ነበር፤ ጥርስ ነክሶ ይታለፋል። አሁን ግን መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ የለም።

ልጁን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ኑሮው ግን የብዙዎች ነበር። ትሬቨር ፕሮጀክት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2021 ወደ 35,000 የሚጠጉ ከ13 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው የፆታ አናሳ ወጣቶችን ጠይቆ ነበር። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኮቪድ የቤት ኑሯቸውን ይበልጥ አስጨናቂ እንዳደረገው ተናገሩ። ቤቴ እንደ ማንነቴ ይቀበለኛል ያለው ከሦስት አንዱ ብቻ ነው። 42 በመቶው ባለፈው አንድ ዓመት ራሳቸውን ስለማጥፋት በቁም ነገር አስበው ነበር። ይህችን የመጨረሻ ቁጥር እባካችሁ ቆም ብላችሁ አንብቧት። ከመቶ ልጆች አርባ ሁለቱ ማለት ነው።

በእንግሊዝም የለንደኑ ዩሲኤልና የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ገደብ ወቅት 310 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። 69 በመቶው የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል። በዚያው ወቅት ስድብ ወይም ጥቃት የደረሰባቸው ላይ ቁጥሩ ወደ 90 በመቶ ያሻቅባል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መላውን አገር ይወክላል አይባልም። የሚያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው። ሰውን የጎዳው መዘጋቱ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር መዘጋቱም ጭምር ነው።

ከጓደኛ መለየት ያን ያህል ያማል?

ሰው ለሰው መድኃኒቱ እንላለን። ከቤተሰቡ የተጣላ ሰው መድኃኒቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ብዙ የፆታ አናሳዎች ሲታመሙ ሾርባ የሚያመጣላቸው፣ ሥራ ሲያጡ የሚያበድራቸው፣ ሲከፋቸው የሚያቅፋቸው የሥጋ ዘመድ አይደለም። አሥር ዓመት የሚያውቁት ጓደኛ ነው። የገደቡ ደንብ ግን የሚያውቀው አንድ ቤት ውስጥ የሚኖር ቤተሰብን ነው። በሽተኛ ጓደኛህን ልጠይቅ ብትል "ምንህ ነው?" ትባላለህ።

መሰብሰቢያውም ተዘጋ። ቡና ቤቱ፣ የድጋፍ ቡድኑ፣ ማዕከሉ፣ ፕራይድ የሚባለው ዓመታዊ የአደባባይ ሰልፍ ሁሉ ቀረ። ሰልፉ በጁን 27 ቀን 2020 በኢንተርኔት ተካሄደ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ጭፈራ ቀረ ማለት ይመስላል። ለብቸኛ ሰው ግን በሳምንት አንዴ ስሙን የሚጠራው የሚያገኝበት ቦታ ነበር።

መታወቂያ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የፓናማን ታሪክ ልንገራችሁ።

የፓናማ መንግሥት ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሕዝቡ በፆታ ተከፍሎ እንዲወጣ አዘዘ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሴቶች፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ወንዶች። እሑድ ማንም አይወጣም። በዚያ ላይ የመውጫ ሰዓቱ በመታወቂያ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ይወሰናል። ለፖሊስ የሚመች ደንብ ነው። መንገድ ላይ ያለውን ሰው አይቶ ቀኑ መሆን አለመሆኑን ወዲያው ይለያል።

ትራንስጀንደር የሆነች ሴት መቼ ትውጣ? ፀጉሯ፣ ልብሷ፣ ድምፅዋ፣ ጎረቤት የሚጠራት ስም የሴት ነው። መታወቂያዋ ላይ የተጻፈው ግን "ወንድ" ነው። በሴቶች ቀን ወጥታ ሱፐርማርኬት በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቃታል፤ "ዛሬ ያንተ ቀን አይደለም" ብሎ ይመልሳታል። በወንዶች ቀን ስትወጣ ደግሞ ፖሊሱ "ሴትዮ፣ ምን ትሠሪያለሽ?" ይላታል። መታወቂያ ስታወጣ መሳቂያ ትሆናለች። ገደቡ በተጀመረበት በዚያው ረቡዕ ቀን አንዲት ትራንስጀንደር ሴት በበጎ ፈቃድ ወደምታገለግልበት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ተይዛ ሰዓታት ከታሰረች በኋላ የ50 ዶላር ቅጣት ከፍላ ወጣች። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንዲህ ያሉ ብዙ ጉዳዮችን መዝግቧል። ዘይትና ሩዝ ሊገዙ ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ አሉ። ሰውነታቸው የተፈተሸና የተሰደቡም አሉ። በሜይ የአገሪቱ የጸጥታ ሚኒስቴር ፖሊሶች አድልዎ እንዳይፈጽሙ መመሪያ መስጠቱን አስታወቀ። ችግሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ደንቡ ራሱ እየተነሳ እየተመለሰ እስከ 2021 መጀመሪያ ዘልቋል።

የዚህ ጉዳት ረሃብ ብቻ አይደለም። በሕዝብ ፊት በየሁለት ቀኑ "አንተ ማነህ?" ተብሎ መጠየቅ ሰውን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ከመውጣት መራብ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልገረምም።

ፔሩም በዚያው በኤፕሪል ተመሳሳይ ደንብ አውጥታ በሳምንት ገደማ ውስጥ ሰረዘችው። የገበያው ሥራ ሁሉ ሴቶች ላይ ስለነበር በሴቶች ቀን ሱቁ ይጨናነቅ ነበር። የኮሎምቢያዋ ዋና ከተማ ቦጎታ ደግሞ ደንቡን ስታወጣ ትራንስጀንደር ሰዎች በሚኖሩበት ፆታ ቀን እንዲወጡ ፈቀደች። የዚያን ጊዜዋ ከንቲባ ክላውዲያ ሎፔዝ ራሷ ሴት አፍቃሪ መሆኗን በይፋ የምትናገር ሴት ናት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ደንቡ ውስጥ መጨመር ይቻል ነበር ማለት ነው። ቦጎታም ቢሆን ሁሉም ፖሊስ እንደ ተጻፈው አላደረገም።

ሃንጋሪ ግን ሌላ መንገድ ሄደች። በማርች 30 ቀን 2020 ፓርላማው ለመንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሰጠ። በማግስቱ ሰዎች በሰነዳቸው ላይ ፆታቸውን እንዳያስቀይሩ የሚከለክል ረቂቅ ቀረበ፤ በሜይ 19 ጸደቀ። ይህ ከቫይረስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሰው ቤቱ ተዘግቶ አደባባይ መውጣት በማይችልበት ሰዓት የተደረገ ነው፤ እኔ እንደ ግፍ ነው የማየው።

በሽታን ለመከላከል ሲባል የሰው ምስጢር ቢወጣ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ በሽታውን ራሱን መከላከል አለመቻል ነው። የደቡብ ኮሪያን ታሪክ ተመልከቱ።

በሜይ 2020 መጀመሪያ ላይ ደቡብ ኮሪያ ወረርሽኙን ተቆጣጥራ ልትተነፍስ ነበር። አንድ የ29 ዓመት ሰው ሴኡል ውስጥ ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር በአንድ ሌሊት ብዙ ምሽት ቤት ዞሮ ቆይቶ ከቀናት በኋላ ቫይረሱ ተገኘበት። አንድ ጋዜጣ ከሄደባቸው ቤቶች መካከል የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚያዘወትሩት እንዳለ ጻፈ። ከዚያ ኢንተርኔቱ በስድብ ተጥለቀለቀ።

የኮሪያ አሠራር በዚያን ጊዜ እንዲህ ነበር። ሰው ሲያዝ ዕድሜው፣ ፆታው፣ የሄደበት ቦታና ሰዓት ለአካባቢው ነዋሪ በስልክ መልእክት ይላክ ነበር። ስም አልነበረበትም። ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ግን ገጣጥሞ ይደርስበት ነበር። የዚያን ሌሊት እዚያ የነበረ ሰው ልመርመር ቢል አሠሪውም እናቱም የት እንደነበረ ሊያውቁ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ኢቴዎን የሄዱ ሠራተኞቻቸው ራሳቸውን እንዲያሳውቁ ይጠይቁ ነበር። ሥራህን ወይም ቤተሰብህን ልታጣ እየቻልክ እጅህን ታወጣለህ? በር ላይ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ የሰጡት ስምና ስልክ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ከስልክ ማማዎች መረጃ ወስዶ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ለየ።

ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነው። የሴኡል ከተማ ያለ ስም ምርመራ ጀመረች። ስልክ ቁጥር ብቻ ትሰጣለህ፣ ማን ነህ አትባልም። የአገሪቱ የፆታ አናሳ ማኅበራትም ተባብረው የአስቸኳይ ጊዜ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ የተሸበሩትን እያጽናኑ እንዲመረመሩ ይመክሩ ነበር። የተመርማሪው ቁጥር ወዲያው አሻቀበ።

በእኔ እምነት ከኮቪድ ዘመን ትምህርቶች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። በማዋረድ የተደበቀ በሽታ በማክበር ይወጣል።

ኡጋንዳ ውስጥ የታሰሩት ምን አድርገው ነው?

አብረው በመኖራቸው ነው። በማርች 29 ቀን 2020 ካምፓላ አቅራቢያ ኪየንጌራ በሚባል ቦታ ቤት አጥተው ለተባረሩ የፆታ አናሳ ወጣቶች የተከፈተ መጠለያ ተወረረ። ወጣቶቹን በገመድ አስረው በሰፈሩ መካከል እየነዱ ወሰዷቸው። የአካባቢው ከንቲባ በዱላ ሲመታቸው የሚያሳይ ቪዲዮም ወጥቷል። የተከሰሱት በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችል የቸልተኝነት ድርጊት ፈጽማችኋል ተብለው ነው። አገሪቱ መሰብሰብን ከልክላ ነበርና። ሰዎቹ ግን ስብሰባ አልጠሩም። ቤታችሁ ቆዩ ተባሉ፣ ቤታቸው ቆዩ።

ከተከሰሱት ውስጥ 19 ሰዎች ወደ 50 ቀን ገደማ እስር ቤት ቆዩ። ጠበቆቻቸው ሊያገኟቸው ቢመላለሱ በኮቪድ ምክንያት መጠየቅ ክልክል ነው ተባሉ። በሜይ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አነሳ። በጁን ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከጠበቃ ጋር እንዳይገናኙ መደረጋቸው መብታቸውን የጣሰ ነው ብሎ ካሣ እንዲከፈላቸው ወሰነ። እንዲህ ያለ ፍርድ በዚያ አገር መሰጠቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ገቢና ሥራ ላይስ?

ከቤተሰብ የተለየ ሰው ሥራ ሲያጣ የሚመለስበት የለውም። ብዙዎቹ ደግሞ የሚሠሩት መጀመሪያ በተዘጋው ዘርፍ ነበር፦ ምግብ ቤት፣ ሆቴል፣ ፀጉር ቤት፣ መድረክ። ሕንድ ውስጥ ሂጅራ የሚባሉት ትራንስጀንደር ሰዎች በሠርግና በልደት ላይ እየጨፈሩና እየመረቁ፣ በባቡርና በመንገድ ላይ እየለመኑ ነበር የሚኖሩት። ሁሉም በአንድ ቀን ቆመ። ብዙዎቹ የመንግሥትን የቅናሽ እህል የሚያስገኘው የራሽን ካርድ አልነበራቸውም። መንግሥት 1,500 ሩፒ ደጎማቸው፤ ለአንድ ወር የማይበቃ ነው። ሃይደራባድ ላይ ደግሞ እነሱን ያናገረ ኮሮና ይይዘዋል የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።

መድኃኒትና ሕክምና ላይ ምን ሆነ?

ሆስፒታሎች "ሊቆይ ይችላል" ያሉትን ሁሉ አቆዩ። ትራንስጀንደር ሰዎች ዓመታት የጠበቁት ቀዶ ሕክምና ተሰረዘ፣ የሆርሞን ቀጠሮ ተራዘመ። ወረፋ ውስጥ ያለ ሰው የሚኖረው ያቺን ቀን እያሰበ ነው፤ ቀኗ ስትጠፋበት መሬቱ ይከዳዋል። ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። በጁላይ 2020 የዓለም ጤና ድርጅት 73 አገሮች መድኃኒቱ ሊያልቅብን ይችላል ብለው ማስጠንቀቃቸውን አስታውቋል። ይህ የሁሉም ታማሚ ችግር ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን ከቤተሰብ ደብቆ ለሚወስድ ሰው፣ ቤቱ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሰው ሞልቶበት፣ ኪኒን መዋጥ ራሱ ፈተና ነበር።

በዕድሜ የገፉትስ?

ለእነሱ ኮቪድ ሁለተኛው ወረርሽኝ ነው። በጁን 5 ቀን 1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወንድን የሚያፈቅሩ አምስት ወጣት ወንዶች ባልተለመደ የሳንባ በሽታ መያዛቸው ተዘገበ፤ በኋላ ኤድስ የተባለው ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የዚያ ትውልድ ሰዎች በየሳምንቱ ጓደኛ ቀብረዋል። መንግሥት ዝም አለ፣ ጎረቤት ሸሸ። በ2020 ዜናው የሟች ቁጥር እየቆጠረ ሲነግራቸው ያ ሁሉ ተመልሶ መጣባቸው። ብዙዎቹ ልጅ የላቸውም፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ነገር ግን ያውቁ ነበር። ፍርሃት ውስጥ ሆኖ ወገንን መንከባከብ ምን እንደሚመስል ተምረውታል። የስልክ ቡድን አዋቅረው አስቤዛ ማድረስ ሲጀመር በብዙ ቦታ ቀድመው የተነሱት እነሱ ነበሩ።

ሁሉም ሰው እኮ ተሰቃይቷል። እነሱን ለይቶ ማንሳት አድልዎ አይሆንም?

ሁሉም ተሰቃይቷል፤ ልክ ነው። እናቱን በስልክ የተሰናበተ ሰው ሐዘን በማንም ሐዘን አይተካም። ግን መጠኑ እኩል አልነበረም። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በወረርሽኙ ወቅት ያካሂደው በነበረው የቤተሰብ ጥናት ላይ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ስለ ፆታ ዝንባሌና ማንነት መጠየቅ ጀመረ። ጭንቀትና ድባቴ፣ የምግብ እጥረትም ጭምር፣ በፆታ አናሳዎች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ በልጦ ተገኘ። ማን የበለጠ እንደተጎዳ ካልታወቀ እርዳታው የት ይሂድ?

አንዳንዱ ግን ቤት መሆኑ ጠቅሞታል ይባላል። እውነት ነው?

ነው። ትምህርት ቤት በየቀኑ የሚደበደብና የሚሰደብ ልጅ ትምህርቱ በኢንተርኔት ሲሆን እፎይ አለ። የሚወዱት ወላጆች ያሉት ደግሞ በሰላም ራሱን የማወቂያ ጊዜ አገኘ። ይህም ያው ወደ ቤቱ ነው የሚመልሰን።

ወረርሽኙ በእነሱ ኃጢአት የመጣ ቁጣ ነው የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

በ2020 እንዲህ ብለው በአደባባይ የተናገሩ ነበሩ። ዩክሬን ውስጥ የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ ፊላሬት፣ ኢራቅ ውስጥ የሺዓ ሃይማኖት መሪው ሙቅታዳ አል ሳድር ተጠቃሽ ናቸው። እምነታችሁን ለመንካት አልጽፍም። ኮቪድ ግን መነኩሴውንም፣ ሼኩንም፣ ሐኪሙንም፣ ሕፃኑንም ገድሏል። በመቅሰፍት ጊዜ የሚወቀስ ሰው መፈለግ የቆየ የሰው ልጅ ድክመት ነው። እኛም አይተነዋል። በማርች 2020 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ሲገኝ "ኮሮና! ኮሮና!" እየተባሉ የተሰደቡና ድንጋይ የተወረወረባቸው የውጭ ዜጎች ነበሩ። ያን ጊዜ ያፈርን ሁሉ እዚህም ማፈር ይገባናል።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ምን ያገባናል?

አገር ቤት በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። በሕግም በሰፈርም የሚፈራ ሰው ለጥናት መጠይቅ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ቁጥር የለም። ቁጥር አለመኖሩ ግን ሰው የለም ማለት አይደለም። ያ ሁሉ ወር ቤት በተቀመጥንበት ጊዜ አንድ ሳሎን ውስጥ አብሮን ቡና እየጠጣ ዝም ያለ ልጅ ነበር። ውጭ ያሉ ቤተሰቦቻችንም ቤት እንዲሁ። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ስቶክሆልም ያደገ ልጅ በትምህርት ቤቱ አንድ ሰው፣ በእናቱ ቤት ሌላ ሰው ሆኖ ይኖራል። ኮቪድ ትምህርት ቤቱን ዘጋበት።

ደግሞ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በኤችአይቪ ዘመን የበሽታው ስም ለቅሶ ቤት አይነሳም ነበር። ሰው ምርመራ የጀመረው ስሙን ሳይጠየቅ በቁጥር ብቻ ተመርምሮ፣ በር ዘግታ የምታማክረው ነርስ አግኝቶ ነው። ሴኡል በ2020 ያደረገችውን እኛ ቀድመን አውቀነዋል።

ልጄ ወይም ወንድሜ እንዲህ መሆኑን አወቅኩ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፣ ምንም ባትስማሙበት እንኳን ከቤት አታባሩት። "ቤትህ ነው" በሉት፤ ደግማችሁም በሉት። ትሬቨር ፕሮጀክት በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት የሚቀበለው አንድ አዋቂ ሰው ያለው ወጣት ራሱን ለማጥፋት የመሞከር ዕድሉ በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ሰው ነው የተባለው። መላው ቤተሰብ እስኪስማማ መጠበቅ የለባችሁም። ያ አንዱ አክስት መሆን ይችላል፣ ታላቅ እህት መሆን ይችላል።

ለዘመድ አትንገሩበት። ሽማግሌ አትሰብስቡ። የነገራችሁ እናንተን አምኖ ነው፤ ለማን እንደሚነገር የሚወስነው እሱ ነው። ስልኩን አትቀሙት፤ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የያዘለት ክር ያ ስልክ ነው። ክፍሉ ስትገቡ አንኳኩ። ሊያድኑልን ይችላሉ ብላችሁ በግድ ወደ ማንም አትውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከበሽታዎች መዝገብ ያወጣው በ1990 ነው። ያልታመመ ሰው አይታከምም፤ በግድ የታከመ ግን ይታመማል።

እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ከተወ፣ ንብረቱን ለሰው ማደል ከጀመረ፣ "ባልኖር ይሻላል" ካለ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን የተሸከመውን የሚያካፍልበት በር ይከፍትለታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒትና ስለት ያለውን ነገር አርቁ፤ ባለሙያ ጥሩ።

የት መደወል ይቻላል?

አሜሪካ ላላችሁ 988 ቀን ከሌት ይሠራል፤ መደወልም መጻፍም ይቻላል። ከ25 ዓመት በታች ላሉ የፆታ አናሳ ወጣቶች ትሬቨር ፕሮጀክት በ1-866-488-7386 ይገኛል፤ ማውራት ለማይመቸው በጽሑፍም ያናግራሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሳማሪታንስ በ116 123፣ የፆታ አናሳዎች የራሳቸው መስመር ስዊችቦርድ ደግሞ በ0800 0119 100 አለ። ጀርመን 0800 111 0 111፣ እስራኤል 1201።

በሕግ በሚያስቀጣ አገር፣ በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችም ጭምር፣ ላለ ሰው አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ለማታውቁት ሰው ሙሉ ስም፣ የመሥሪያ ቤት ስምና ፎቶ አትላኩ። የተጻጻፋችሁትንና የጎበኛችሁትን ገጽ ከስልካችሁ አጥፉ። ስልኩ ከአሠሪ ወይም ከቤተሰብ ጋር የጋራ ከሆነ ሌላ ስልክ ተጠቀሙ። የጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም የድባቴ ሕክምና ለማግኘት ደግሞ ማንነታችሁን መናገር ግዴታ አይደለም። "አልተኛም፣ ልቤ ይመታል፣ መኖር አስጠልቶኛል" ማለት ለሐኪሙ ይበቃዋል። የቀረውን የምታምኑት ሰው ስታገኙ ትናገራላችሁ።